ኤሌማ ከላጋው ማዶ

ኤሌማን መፈለግ ማቆማቸውን የነገረኝ የሰፈራችን የመንግሥት ሹም፣ ቺፉ ራሱ ነው። ሞተሩን ከሱቄ ደጃፍ አቁሞ ገባና ኮፍያውን አውልቆ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ይህ ሰው ኮፍያውን የሚያወልቀው መርዶ ሲይዝ ብቻ እንደሆነ የሰፈራችን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ገና ሳይናገር ገባኝ።

«አስከሬን አላገኘንም» አለ፣ እንደ ልማዱ አማርኛውን ከስዋሂሊ እየቀላቀለ። «ግን ዝናቡ ዱካውን ሁሉ አጥፍቶታል። ከእንግዲህ ወዴት እንሂድ?»

ኤሌማ ወደ ኡራን መንደር የሚሄድ ሎሪ ላይ ተሳፍራ ነበር። መንገዱን የሚያቋርጠው ላጋ፣ በበጋ አሸዋ ብቻ የሚሆነው ወንዝ፣ ድንገት ሞልቶ ሎሪውን አቆመው። ሾፌሩ እስኪጎድል እንጠብቅ ሲል እሷ ወረደች። «ማዶ ልጅ አለ፤ እየጠበቀ ነው» ብላ ወንዙን ዳር ዳሩን ይዛ ወደ ላይ ስትሄድ ተሳፋሪው ሁሉ አይቷታል። ከዚያ ወዲያ ያያት የለም።

ቺፉ ሊወጣ በሩ ጋ ደርሶ ተመለሰ።

«አንድ ነገር አለ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዱካ የሚያነብልን ሽማግሌ ውሃው ያልነካው አሸዋ ላይ የእሷን የጫማ ዱካ አግኝቷል። አጠገቡ የልጅ እግር ዱካ አለ ይላል። ባዶ እግር። የሚሮጥ ልጅ።»

«ከሎሪው የወረደ ልጅ ነበር?»

«አልነበረም። ሁሉንም ጠይቀናል።» ኮፍያውን አንስቶ ደፋ። «የከብት ጠባቂ ልጅ ይሆናል እንጂ።»

እኔም የከብት ጠባቂ ልጅ ነው ብዬ ለማመን ሞክሬያለሁ። ያቃተኝ ኤሌማን ስለማውቃት ነው።

መጀመሪያ የመጣችው የውሃ ቱቦ ልትገዛ ነበር። እኔ ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል፣ ቱቦ፣ ሚስማር፣ ቀለምና የመሳሰለውን እሸጣለሁ፤ መኖሪያዬም ከሱቁ ጀርባ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ አርባን የተሻገረች የምትመስል የቦረና ሴት ገባች። ሻሿ ሰማያዊ ነው፤ ከዚያ በኋላም ሌላ ቀለም አስራ አይቻት አላውቅም። እጆቿ ከሰውነቷ ጋር የማይሄዱ ትልልቅ ነበሩ። ቱቦ፣ መገጣጠሚያና ያረጀ የጎማ ከመነዳሪ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። አማርኛዋ የተሰባበረ ቢሆንም አያስቸግርም፤ ልጅ ሆና ኢትዮጵያ ሞያሌ ሰው ቤት ስታገለግል የለመደችው ነው።

ቱቦውን እየለካሁ ሳለ ፊቷን ወደ ኋለኛው ግድግዳ አዞረች። ቆየች።

«እዚህ ልጅ አለ» አለች። «አይነሳም።»

እጄ ላይ ያለውን መጋዝ እንደያዝኩ ቀረሁ። ከአፌ የወጣው «ሴት ናት» የሚል ብቻ ነው።

«ይቅርታ። አትነሳም።»

ልጅቷ የእህቴ የጸሐይ ልጅ ምሕረት ናት። ያኔ አምስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ስትወለድ ምጡ ጠንቶ፣ አየር አጥሯት፣ አንጎሏ ተጎድቷል ብለው ሐኪሞች ነግረውን ነበር። አትቀመጥም፣ አትናገርም፤ እግሮቿ እንደ መቀስ ተጠላልፈው ይገተራሉ። የጸሐይ ባል ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ድምፁ ሲጠፋ ሁለቱም እኔ ዘንድ ገቡ። ምሕረት አንዳንዴ በተረከዟ የጓሮውን ቆርቆሮ ትመታለች፤ ሴትዮዋ እሱን ሰምታ ይሆናል አልኩ። ገብቼ ሳይ ግን ምሕረት ተኝታለች። እግሮቿ በብርድ ልብስ ተጠቅልለዋል። ጸሐይ ልብስ እያጠበች ነበር፤ ልጅቷ ነቅታ ነበር ወይ ብዬ ስጠይቃት ጭራሽ አልነቃችም አለችኝ።

«እንዴት አወቅሽ?» አልኳት ተመልሼ።

«ቦሩ ነገረኝ።»

«ቦሩ ማነው?»

«ወንድሜ» አለች። ወደ ደጅ ተመለከትኩ። ብቻዋን ነበር የመጣችው።

ኤሌማ ሙያውን ያገኘችው እኛ ወደ ታች የምንለው አገር፣ ናይሮቢ አቅጣጫ ነው። እንደ ምሕረት ያሉ ልጆች የሚረዱበት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ሆና ገባች። እጇን ያዩት ባለሙያዎች አጠገባቸው እያስቀመጡ አስተማሯት፤ በኋላም እነሱ ዘንድ ለዓመታት ሠራች። ወደ ሞያሌ ስትመለስ ከኡራን እስከ ቦሪ እየዞረች፣ አንዳንዴ በሎሪ፣ አንዳንዴ በቦዳ ቦዳ ሞተር፣ ብዙ ጊዜ በእግሯ፣ ልጆችን ማንቀሳቀስ ያዘች።

በማግስቱ መጣችና ሰሌን አነጠፈች። መጀመሪያ እጆቿን ታጠበች፤ ከዚያ እስኪሞቁ እርስ በርስ አሻሸች። ምሕረትን ወዲያው አልነካቻትም። የቀኝ እግሯን እያየች «ደህና አደርክ?» አለችው። ለግራውም እንዲሁ። ጸሐይ ወደ እኔ ዞራ ከንፈሯን ነከሰች። ኤሌማ ግን የምሯን ነበር። መዳፏን ከልጅቷ ጭን ሥር አስገብታ፣ ጉልበቱን በሌላው እጇ ደግፋ፣ «ሱታ፣ ሱታ» እያለች ጠበቀች። ሱታ በቦረና ቀስ ማለት ነው። እግሩ ሲገተር አትጎትተውም፤ ባለበት ይዛው ትቆያለች። ሲላላ ትንሽ ትወስደዋለች። እንደገና ሲገተር እንደገና ትቆማለች።

«ሲቸኩሉት ይፈራል» ትል ነበር። «የፈራ ሥጋ ይቆለፋል።»

«ትድናለች?» አለቻት ጸሐይ በዚያው ቀን።

«አይድንም። እዚህ የተጎዳው» ራሷን ነካች፣ «አይመለስም። ሰውነት ግን ይማራል። ካልጠራሽው ደግሞ ይረሳሻል። በየቀኑ ጥሪው።»

ጸሐይ ይህን መልስ አልወደደችውም። ምሕረትን ጸበል ስታመላልስ የኖረች እናት ናት። ኤሌማ ጸበሉንም አልተቃወመችም፤ «ውሰጂያት። ግን ስትይዣት ጀርባዋን ቀጥ አድርጊ፣ እግሮቿን ለያይተሽ ወገብሽ ላይ አስቀምጪ» አለቻት፤ አያያዙንም አሳየቻት። እኔ የማስታውሰው ያን ቀን ምሕረት በእናቷ ወገብ ላይ ተቀምጣ ግቢውን በሙሉ በዓይኗ እንደዞረችው ነው። ከዚያ በፊት የምታየው ጣሪያ ነበር።

ጸሐይን ያስፈራት ሌላ ነገር ነው። ኤሌማ ሰሌኑን ስታነጥፍ ሁልጊዜ በግራ ጎኗ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተዋለች። አንድ ጊዜ ጸሐይ ሳታስተውል እዚያ ተቀመጠች።

«እህቴ፣ ትንሽ ፈቀቅ በይ» አለቻት ኤሌማ በትሕትና።

ጸሐይ ተነሣች። ያን ጊዜ ምሕረት ክፍቱን ቦታ አይታ ሳቀች። ዓይኗን ሰው ላይ ማሳረፍ የሚቸግራት ልጅ፣ ባዶ ሰሌን ላይ ዓይኗን ተክላ፣ የሆነ ሰው እንደሚያጫውታት ሁሉ ድምፅ አውጥታ ሳቀች።

«በስመ አብ» አለች እህቴ። ኤሌማ ከሄደች በኋላ በሩን ዘግታ «ወንድም ጋሼ፣ ይቺ ሴት ዳግመኛ ቤቴ አትገባም። የያዘችውን አላውቅም» አለችኝ። እኔም ሳቁን ሰምቻለሁ።

ኤሌማ በሚቀጥለው ቀን መጥታ ከደጅ ተመለሰች። አልተቀየመችም፤ ቱቦ ስትፈልግ ወደ ሱቁ እንደ ድሮው ትመጣለች። ውስጥ ግን የምሕረት እግሮች ወደ ነበሩበት ተመለሱ። ለመለያየት የጀመሩት ጭኖቿ እንደገና ተቆለፉ፤ ልብስ ለመለወጥ እንኳ ታግሎ መክፈት ሆነ፣ ልጅቷም ታለቅሳለች። ጸሐይ ብቻዋን ሞከረች። እየፈራች ስለምትይዛት አልሆነም። አንድ ጠዋት ኤሌማ ባንኮኒው ጋ ቆማ ሳለ እህቴ ምሕረትን አቅፋ ከጓሮ ወጣች።

«ማነው እዚያ የሚቀመጠው?» አለቻት። «ንገሪኝና ግቢ።»

ኤሌማ ደንበኛ እስኪወጣ ጠበቀች። ከዚያ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠችና የተናገረችውን እስከ ዛሬ በራሷ አማርኛ እሰማዋለሁ።

«ቦሩ ከእኔ በኋላ ተወለደ። ሲወለድ አላለቀሰም። ያኔ ኦቦ የሚባል ቦታ ነበርን። የምሸከመው እኔ ነኝ። የማበላው እኔ ነኝ። እግር ሲታጠፍ ዝም አልን፤ አላወቅንም። ቁርጭምጭሚት ሲዞር ዝም አልን። አደገ፣ ታጠፈ። አደገ፣ ታጠፈ። ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደረሰ። ሳል ያዘው፣ ሞተ። ሊያጥቡት ሲሉ ሊዘረጉት ፈለጉ። አልተዘረጋም። አጎቴ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ፣ ሊጫን። እናቴ ጮኸች። ተዉት። ጉድጓዱን ክብ አድርገው ቆፈሩለት።»

በእጇ አየር ላይ ክብ ሠራች።

«ሰው ሁሉ ሲሄድ ተመልሼ መሬቱ ላይ ጆሮዬን አደረግሁ። ልጅ ነበርኩ። ቦሩ ‹እግሬን ዘርጊልኝ› አለ።»

ጸሐይ ምሕረትን አጥብቃ እንደያዘች «እስከ ዛሬ ይላል?» አለቻት።

«አንድ ልጅ ሲዘረጋ ዝም ይላል። ትንሽ ጊዜ። ከዚያ ሌላውን ያሳየኛል።»

እህቴ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና «ግቢ» አለቻት። «ግን በእኔ እጅ እንድሠራው አሳዪኝ። ሁሉንም።»

ጸሐይ ከዚያ ወዲያ ክፍቱ ቦታ ላይ አልተቀመጠችም፤ ስለ እሱም አልጠየቀችም። ሰሌኑ ላይ ተንበርክካ ተማረች። ዳሌን እንዴት እንደሚከፍቱ፣ ቁርጭምጭሚትን እንዴት እንደሚያቃኑ፣ ልጅቷን ግድግዳ ማዕዘን ላይ አስደግፎ አንገቷን በራሷ እንድትሸከም እንዴት እንደሚተዉ። ኤሌማ ሥራውን ሁሉ ጨዋታ ታደርገዋለች። የሚያብለጨልጭ የድስት ክዳን ከፍ አድርጋ ትይዝና ምሕረት እስክትደርስበት ትጠብቃለች። ትንሽዬ በርጩማ ላይ አስቀምጣ ከዳሌዋ ደግፋ ታስነሣታለች፣ ታስቀምጣታለች፣ ታስነሣታለች። ልጅቷ ላብ በላብ ትሆናለች። «ይህ እንደ እንጨት ፈለጣ ነው፤ ይደክማል፤ ይድከማት» ትላለች። ግን ፊቷ ከተቀየረ ወዲያው ታቆማለች። ምሕረት ብቻዋን መቀመጥ ስትችል ጸሐይ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ አሳየች። ከእኔ በተገዛው ቱቦ ደግሞ መያዣ ያለው መደገፊያ ተሠራላት፤ በከመነዳሪው መቀመጫ ተበጀለት፤ በእሱ ግቢውን ማቋረጥ ጀመረች። ያለ መደገፊያ አትሄድም። ሱቅ ስትገባ ግን ቆማ ነው የምትገባው።

ስለ ኤሌማ ሳስብ ከሁሉ በላይ የሚያስበረግገኝ ግን የያቆብ ነገር ነው።

አንድ ቀን «አብረን እንሂድ» አለችኝ። «የአገርህ ሰዎች ቤት ነው። ያቆብ የሚባል ልጅ አለ።»

«ያቆብ ሞቷል» አልኳት። በደንብ የማውቃቸው ነጋዴዎች ናቸው። ልጁ እንደ ምሕረት ያለ ነበር፤ ድንበር ተሻግረው ጸበል ወስደውት እዚያው አርፎ እዚያው ተቀበረ ተብሎ፣ እኔም ለቅሶ ደርሻለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ከአባቱ ጎን ተቀምጫለሁ።

«ቦሩ አልሞተም ይላል።»

አይሆንም ልላት ነበር። እግሬ ግን ተከተላት። አባትየው በሩን ከፍቶ እኔን ሲያይ ደስ አለው፤ እሷን ሲያይ ግር አለው። ኤሌማ ሰላምታ ሰጥታ «ያቆብን ላየው መጣሁ» አለችው።

«እኅቴ፣ ልጄ አርፏል። ጠይቂው፣ እሱ ያውቃል» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል።

ኤሌማ አልተከራከረችም። ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀመጠች። «እጠብቃለሁ» አለች ብቻ። አባትየው ወደ ውስጥ ገባ፣ ወጣ፣ ገባ። ጥላው ከዛፉ ሥር ዞሮ እሷን በፀሐይ ትቷት ሄደ፤ አልተነሣችም። እናትየዋ መጨረሻ ላይ ወጣች። ነጠላዋን በአፏ ነክሳ ነበር። ወደ ዕቃ ቤቱ ሄዳ ቁልፉን ከፈተች።

ያለቀስኩለት ልጅ ፍራሽ ላይ ተኝቶ፣ በሩ ሲከፈት ብርሃኑን ፈርቶ ዓይኑን ጨፈነ።

ለታላቅ እህቱ ሽማግሌ ሊላክ ነው ሲባል፣ የእሱ ነገር ጋብቻውን ያበላሻል ብለው ፈርተው ነው ሞተ ያሉት። ለትንሽ ጊዜ መስሏቸው ነበር። ሰው አልቅሶ፣ ተስካር ተበልቶ፣ ከዚያ በኋላ አልሞተም ማለት አቃታቸው። ይህን የነገረችን እናትየዋ ናት፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ። ኤሌማ አንድ የወቀሳ ቃል አልወጣትም። እጆቿን አሻሽታ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የልጁን እግር «ደህና ዋልክ?» አለችው። አባትየው ደጅ ላይ ጮኾ አለቀሰ። በድንኳኑ ቀን እንደዚያ ሲያለቅስ አላየሁትም።

ያቆብ ዛሬ በአባቱ ሱቅ በር ላይ ደጋፊ ባለው ወንበር ይቀመጣል። ያለቀሱለት ሰዎች ሲያልፉ ሰላም ይሉታል። አንዳንዱ አሁንም ያማትባል።

እንግዲህ ቺፉ ኮፍያውን አንስቶ የወጣ ቀን በሐሳቤ የመጣው ይህ ሁሉ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ የሎሪው ሾፌር መጣና ኤሌማ ጭናው የነበረውን የእንጨት መቆሚያ አወረደልኝ። ልጅ ተደግፎ የሚቆምበት፣ ደረቱና ጉልበቱ ላይ ማሠሪያ ያለው ነው። የት እንደማደርገው ጨንቆኝ ሳለ ጸሐይ ከጓሮ ወጥታ ዳሰሰችው።

«የዚያ የማዶው ልጅ ነው» አለች። «ኤሌማ ብትቀር ልጁ አልቀረም። መንገዱ ሲደርቅ ውሰደኝ።»

ዝናቡ ሲያባራ ምሕረትን ለጎረቤት አደራ ሰጥተን ሄድን። ላጋው ደርቆ ሎሪው በአሸዋው ላይ አለፈ። የልጁ ቤተሰቦች የነበሩበት ቦታ ስንደርስ ባዶ ነው፤ ዝናብ ስለዘነበ ከብቶቻቸውን ይዘው ሳር ወዳለበት ተነሥተዋል። ፈላጊዎቹም ባዶ ሰፈር ብቻ አግኝተው ተመልሰው ነበር። እየጠየቅን፣ ሞተር ተከራይተን፣ ከሰዓት በኋላ አዲሱ ሰፈር ደረስን። የልጁ እናት ዳርሚ ትባላለች፤ ወጣት ናት። የአንገቷን ዶቃ በጣቷ እያዞረች ከጎጆዋ ወጣች። እኔ ቦረንኛ ስለምችል የምተረጉመው እኔ ነበርኩ።

ኤሌማ የምትባል ሴት ወደዚህ ልትመጣ ተነሥታ እንደጠፋች ነገርኳት።

«አልጠፋችም። መጥታለች» አለች ዳርሚ።

በስልኬ ያለውን ፎቶ አሳየኋት። ቀረብ ብላ አየችው። «እሷ ናት። ሰማያዊ ሻሽ።»

«መቼ ነው የመጣችው?»

«ላጋው ሞልቶ እያለ። ከብቶቻችን ማዶ ቀርተው ባሌ ዳር ቆሞ ሲያያቸው። በየት ተሻገርሽ አልናት። ‹ተሻገርኩ› አለች። ልብሷ ደረቅ ነበር።»

ለጸሐይ ተረጎምኩላት። ዳርሚ ቀጠለች።

«ወተት ሰጠኋት። ‹በሁለት ኩባያ አድርጊልኝ› አለች። ብቻዋን ነበረች፤ ሰው ትጠብቅ ይሆናል ብዬ ሰጠኋት። ላነሣ ስመለስ ሁለቱም ባዶ ናቸው። ልጄን ስታንቀሳቅስ ቆይታ፣ እኔንም አሠርታኝ፣ ‹ገና ሌሎች አሉ› ብላ ሄደች።»

«ወዴት?»

መንገድ ወደሌለበት፣ ግራርና ቀይ አፈር ብቻ ወደሚታይበት ሜዳ በአገጯ አሳየችኝ። ይህን በኋላ ለቺፉ ስነግረው፣ ዳርሚ በእርግጥ ቀኑን አልተሳሳተችም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ቀኑን ሊሳሳቱት አይችሉም፤ ከብቶቻቸው ማዶ የቀሩት ያን ቀን ብቻ ነው። ፈላጊ ሰዎች እንደገና ወደዚያ ሜዳ ሄደው ነበር። ዱካ አላገኙም፤ ሌላም ነገር አላገኙም።

ዳርሚ ፎቶውን መልሳልኝ ጸሐይን አየቻት፤ ከዚያ ሞተሩ ላይ የታሰረውን የእንጨት መቆሚያ አየች።

«አንቺ ነሽ?» አለቻት። እኔ ተረጎምኩ።

«ማን?» አለች ጸሐይ።

«ይህን ይዛ የምትመጣው። ‹የጀመርኩትን አንቺ በየቀኑ ትሠሪያለሽ፤ የቀረውን መቆሚያ ይዛ የምትመጣው ሴት ታሳይሻለች› ብላኛለች። እየጠበቅንሽ ነው።»

ኤሌማ ከሎሪው ስትወርድ መቆሚያው ሎሪው ላይ ነበር። ጸሐይ ያን ጊዜ ሞያሌ ምሕረትን እያጠበች ነበር፤ ኡራንን በሕይወቷ አይታው አታውቅም። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። እህቴ ወደ እኔ ዞረች። ትፈራለች፣ እንመለስ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ውሃ ታምጣልኝ በላት» አለችኝ።

እጆቿን ታጠበች። ጎንበስ ብላ ጎጆው ውስጥ ገባች፤ እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ልጁ ዋርዮ ይባላል፤ የሦስት ዓመት ያህል ልጅ ነው፤ ቆዳ ላይ በጎኑ ተኝቶ ጉልበቶቹን ወደ ሆዱ ሰብስቧል። ዓይኖቹ ከእህቴ እጅ አልተነቀሉም። ጸሐይ አጠገቡ ተቀምጣ በአማርኛ አወራችው፤ አንድም ቃል እንደማይገባው እያወቀች፣ ምሕረትን በምታወራበት ድምፅ። ከዚያ የዳርሚን እጅ ወሰደችና ከልጁ ጉልበት ሥር አስገባችው፤ የራሷን እጅ ከላዩ አደረገች።

ጉልበቱ ተገተረ። ዳርሚ ደንግጣ ልትጫነው ስትል ጸሐይ ተይ በሚል ራሷን ነቀነቀች። ባሉበት ቆዩ። ውጭ ጥጃ ይጮኻል። ብዙ ቆዩ፤ በጣም ብዙ። ልጁ መጀመሪያ ጣቶቹን ፈታ። ከዚያ እግሩ በሁለቱ ሴቶች እጅ ላይ፣ ማንም ሳይጎትተው፣ ቀስ እያለ ተዘረጋ።